በተሰረቀ ዕቃ አይዘመርም

በቤተ ክርስቲያናችን የመዝሙር ክሊፕ ኤዲት የምታደርጉ ወጣቶች፣ ይህ ለእናንተ ነው። ሥራችሁን ስታሳዩን ደስ ይለናል፤ «አሜን» እንላለን። ግን ልጠይቃችሁ፤ ያ ድምፅ የሚያሳምረው፣ የተንሻፈፈ ዜማ የሚያቃናው ፕለጊን ከየት መጣ? ከኤዲቲንግ ፕሮግራሙ ጋር ያልመጣ፣ ከሌላ ድርጅት የሚጨመረውን ማለቴ ነው። እዚህ ጋምቤላ በፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር የማየው «ክራክ» የተደረገው ነው። «ክራክ» የሚለው ቃል አያታልላችሁ፤ ስርቆት ነው።

«ሥራው የጌታ ነው» ትላላችሁ። ዳዊትን አስቡ። ኢያቡሳዊው ኦርና አውድማውንና በሬዎቹን ያለ ዋጋ ሊሰጠው ፈቅዶ ሳለ፣ ዳዊት ምንም ያላወጣበትን መሥዋዕት ማቅረብ አልወደደም፤ በአምሳ ሰቅል ብር ገዛ። እርሱ በፈቃድ የተሰጠውን እንኳ እንዲሁ ካልተቀበለ፣ እኛ ማንም ያልሰጠንን ወስደን መባ እናደርጋለን?

ደግሞም መዝሙራችን ያለ ፈቃድ ሲገለበጥ «ተዘረፍን» ብለን የምንጮኸው እኛው ነን። መዝሙሩንም የኮምፒውተር ፕሮግራሙንም የሚጠብቀው አንድ ሕግ ነው፤ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996። ለእኛ ሲሆን ሕግ፣ ለሌላው ሲሆን «ምን ችግር አለው»?

«ዋጋው በዶላር ነው፤ በምን እንክፈል?» ትሉኛላችሁ። ችግሩ እውነት ነው። እኔም በዚያው ምክንያት አንድ ጊዜ ክራክ ጭኛለሁ። አብሮት ቫይረስ ገባና የቤተ ክርስቲያኑን ኮምፒውተር ፋይሎች ቆለፈ። ከእነርሱ መካከል አንዲት እናት በኑዌርኛ የዘመሩት መዝሙር ነበረበት። ሌላ ቅጂ አልነበረንም። እኒያ እናት አሁን ወደ ጌታ ሄደዋል፤ መዝሙሩን የሚያውቀው ሌላ ሰው ፈልጌ አላገኘሁም። ይህን ጥፋት በእኔ ይብቃ ብዬ ነው የምጽፍላችሁ።

ደግሞ የግድ አይደለም። ዳቪንቺ ሪዞልቭ የተባለው የኤዲቲንግ ፕሮግራም ያለ ክፍያ የሚገኝ ቅጂ አለው፤ ፌርላይት በሚባለው የድምፅ ክፍሉ ሪቨርብም ኮምፕረሰርም ኢኪውም አብረውት አሉ። ተጨማሪ ካስፈለጋችሁ እንደ ሪያፕላግስ ያሉ፣ ባለቤቶቹ ራሳቸው በነጻ የሚሰጧቸው ፕለጊኖች አሉ።

ከሁሉ በፊት ግን ቀረጻውን አስተካክሉ። ቬንትሌተሩን አጥፉ፤ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድብ አትቅረጹ፤ ማይኩን ወደ ዘማሪው አቅርቡ። ጩኸት የሚቀንሰውንም ኤፌክት በልኩ ተጠቀሙ። በኑዌርኛ ትንፋሽ ያለበትና የሌለበት አናባቢ የቃል ትርጉም ይለያሉ፤ ኤፌክቱ ትንፋሹን እንደ ጩኸት ቆጥሮ ሊያጠፋው ይችላል። ስለዚህ ቋንቋው የአፍ መፍቻው የሆነ ሰው አጠገባችሁ ቁጭ ብሎ ይስማ።

እንግዲህ ዛሬ ማታ ኮምፒውተራችሁን ክፈቱ፤ የተሰረቀውን አጥፉ፤ ያላችሁን መዝሙር ሁሉ በሌላ ቦታ ደግማችሁ አስቀምጡ። ድምፁ ትንሽ ቢሻክር ይሻክር፤ ግን የራሳችን ይሁን።