“ቲቸር፣ ሳኔቲ ስንወጣ ምን እንያዝ?” ለምትሉኝ ሁሉ

ዝናቡ ጋብ ማለት ሲጀምር ኢንቦክሴ በአንድ ዓይነት ጥያቄ ይሞላል። የቀድሞ ተማሪዎቼ ሳይክል ገዝታችኋል፣ ተከራይታችኋል፣ ተዋውሳችኋል፤ ደስ ይላል። ጥያቄው “ምን እንያዝ?” ብሎ ይጀምርና “እንዳይከብደን ምኑን እንተው?” ብሎ ያልቃል። ካቻምና ቢሆን “ሁሉንም ተዉት፣ ቀለል ብላችሁ ውጡ” እላችሁ ነበር። አሁን አልልም። ለምን እንደማልል ልንገራችሁ። ጥፋቱ የራሴ ስለሆነ እያፈርኩ ነው የምጽፈው።

ባለፈው ዓመት በገና ሰሞን አራት ሆነን ከጎባ ወደ ሳኔቲ ወጣን፤ እኔ፣ አንድ የሥራ ባልደረባዬና ሁለት የቀድሞ ተማሪዎቼ። ጎባ ሻይ እየጠጣን አንደኛው ልጅ ቦርሳው ውስጥ የያዘውን መንፊያ አሳየኝ። “ተወው፣ የኔ ለአራታችንም ይበቃል። ዳገት ላይ ብረት ምን ያደርግልሃል?” አልኩት። ልጁም መንፊያውን ሻይ ቤቱ አስቀምጦት ወጣ። ቲቸር ያለው ነገር ነዋ!

ላይ ደርሰን፣ ጅብራዎቹን አልፈን ሜዳው ላይ ስንገባ የልጁ የኋላ ጎማ ተነፈሰ። ካላማዳሪውን አወጣነው። ድንጋይ ከቸርኬው ጋር አጣብቆ ነክሶት ኖሮ ጎን ለጎን ሁለት ቦታ ተበስቷል። ሁለቱንም ለጠፍን። እስከዚህ ድረስ ጎበዞች ነበርን። መንፊያዬን አውጥቼ ልነፋ ስል ግን አፉ አልገጥም አለ። የኔ ሳይክል ቫልቭ እንደ መኪናው ወፍራሙ ነው፤ የሱ ቀጭኑ። የሌሎቹም እንደኔው ወፍራም ነው። ሁለቱን የምታገናኝ ትንሽዬ የነሐስ ቁራጭ አለች፤ ከአንድ ብር ሳንቲም የምትቀል። እሷን የያዘ ሰው የለም። ለልጁ ጎማ የሚሆነው መንፊያ ደግሞ ጎባ ሻይ ቤት ተቀምጧል።

ሁለቱ መንፊያውን ሊያመጡ ቁልቁል ወረዱ። እኔና ልጁ ቀረን። ከሰዓት በኋላ ጉሙ ገባ፣ ነፋሱ በረታ፣ ስልኩ ኔትዎርክ የለውም። መጀመሪያ ያለፈችው መኪና ወደ ደሎ መና የምትወርድ ነበረች። ከመና በኩል የመጣ አይሱዙ ሲያነሳን ሊመሽ ምንም አልቀረውም። ልጁ በዚያን ሰዓት ጣቶቹ አልታጠፍ ብለውት የሳይክሉን መሪ መጨበጥ አቅቶት ነበር። የሳኔቲን ብርድ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ በበጋ ሌሊት ከዜሮ በታች የሚወርድ ቦታ ነው። ሾፌሩ የራሱን ጋቢ አለበሰው። ጎባ ስንደርስ ገንዘብ አልቀበልም አለ።

ማታ ሮቤ ቤቱ ሳደርሰው እናቱ በር ላይ ቆመው እየጠበቁ ነበር። “ባርሲሳ፣ አንተን አምኜ እኮ ነው የላክሁት” አሉኝ። ሌላ ምንም አልጨመሩም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

እንግዲህ ከዚያ በኋላ ነው ቁጭ ብዬ ያሰላሁት። የፊዚክስ አስተማሪ ሆኜ ከመውጣቴ በፊት አለማስላቴ ሌላው ነውሬ ነው። ጎባ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ የሳኔቲ ሜዳ 4,000 ሜትር ይደርሳል። አንድ ኪሎ ዕቃ ይዞ 1,300 ሜትር ወደ ላይ መውጣት፦ 1 × 9.8 × 1,300 = 12,740 ጁል። ጡንቻችን ከሚጠቀመው ኃይል ወደ ሥራ የሚለውጠው ሩብ ያህሉን ብቻ ስለሆነ በአራት አባዙት፤ 51,000 ጁል አካባቢ ይሆናል። ወደ ምግብ ሲቀየር 12 ኪሎ ካሎሪ። የመንገዱን ሰበቃ ጨምሩበት ብላችሁ ብትከራከሩኝ እንኳ ከአንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር አይዘልም። ልጁን ለብርድ የዳረግሁት ለዚህች ስኳር ነው።

“ቲቸር፣ ፊልም ላይ የምናያቸው ፈረንጆች እኮ ምንም አይዙም” ትሉኛላችሁ። ልክ ናችሁ። እ.ኤ.አ. በ2016 ቱር ደ ፍራንስ ላይ የተወዳደረው የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ጽጋቡ ግርማይም ትርፍ ጎማ በጀርባው አልያዘም። ከኋላው ግን የቡድኑ መኪና ይከተላል፤ ጣሪያው ላይ ትርፍ ሳይክል፣ ውስጡ መካኒክ አለ። እነሱም ዕቃውን አልተዉትም፣ የሚሸከምላቸው ሌላ አለ። የኛ ተከታይ መኪና አይሱዙው ነው፤ እሱም ከመጣ። የዚያን ሾፌር ደግነት ዕድሜ ልኬን አልረሳውም። ነገር ግን የሰው ደግነት ሲደርስልን ልናመሰግንበት እንጂ አስቀድመን ልንተማመንበት አይገባም።

ስለዚህ ዕቃ ስትመርጡ “ስንት ግራም ነው?” ከማለታችሁ በፊት “እዚያ ቦታ ብቆም ቀጣዩ ጎሚስታ ስንት ኪሎ ሜትር ነው?” በሉ። ከሮቤ ጎባ 14 ኪሎ ሜትር ገደማ አስፋልት ነው። ባጃጅና ሚኒባስ አይጠፋም፣ በሁለቱም ጫፍ ጎማ የሚለጥፍ አለ። መንፊያና መለጠፊያ ከያዛችሁ በቂ ነው። ከጎባ ወደ ላይ ስትወጡ ግን እስከ ሪራ ድረስ ያላችሁ ነገር ቦርሳችሁ ውስጥ ያለው ብቻ ነው። ለዚያ መንገድ እኔ አሁን የምይዘው ይሄ ነው፦

1. ለራሴ ቫልቭ የሚገጥም መንፊያ፣ ከሱ ጋር ያቺ የነሐስ ማገናኛ። በጋዝ የሚነፉትን ትናንሽ ቆርቆሮዎች አትመኙ። አንዱ አንድ ጎማ ነፍቶ ያልቃል፤ መንፊያ ግን ክንዳችሁ እስካለ ይሠራል።

2. አንድ ትርፍ ካላማዳሪ። በብርድና በዝናብ ማስቲሽ ቶሎ አይደርቅም፣ እርጥብ ጎማ ላይም አይዝም። መንገድ ላይ ቀይሩ፣ የተበሳውን ቤት ገብታችሁ ለጥፉ።

3. መለጠፊያ ጎማ፣ ብርጭቆ ወረቀትና ያልተከፈተ ትንሽ ማስቲሽ። አንዴ የተከፈተ ማስቲሽ ቆይቶ ይደርቃል፤ ባዶ ቱቦ ይዛችሁ እንዳትወጡ። አንድ ቀዳዳ ስታገኙ ሁለተኛውን አጠገቡ ፈልጉ።

4. ሁለት የፕላስቲክ ጎማ ማውለቂያ። በካቻቢቴ የሚያወልቅ ሰው ጥሩውን ካላማዳሪ ራሱ ይበሳዋል።

5. 15 ቁጥር መፍቻ። ይሄን ልብ በሉ! ኢንተርኔት ላይ የምታዩት ተጣጣፊ መሣሪያ ቀላልና ቆንጆ ነው፣ ግን አብዛኞቻችን የምንነዳው ሳይክል የኋላ ጎማው በዳዶ የታሰረ ነው። ዳዶውን መፍታት ካልቻላችሁ ትርፍ ካላማዳሪው ምን ይሠራላችኋል? አጭሯን መፍቻ ያዙ፤ ትልቁ እንግሊዝ መፍቻ ቤት ይቀመጥ።

6. ለካቴናው አንድ ማያያዣ፣ ካቴና መፍቻና ለብሎኖቹ የሚሆኑ ሁለት ሦስት አለን ቁልፎች።

7. የማዳበሪያ ከረጢት ቁራጭ። የውጪው ጎማ ከተቀደደ ከውስጥ በኩል ታደርጉታላችሁ፣ ቤት ያደርሳል። በስንዴ አገር ማዳበሪያ ከረጢት በነፃ ነው። ሽቦና ያረጀ ካላማዳሪ ቁራጭም ለማሰሪያ።

ይሄ ሁሉ ተደምሮ አንድ ሊትር ውሃ አይከብድም። በኪሎ ከሆነ የሚያስጨንቃችሁ፣ ከባዱን ጃኬት አትተዉ እንጂ ሌላ የምትተዉት አይጠፋም። አራት ሆናችሁ ከወጣችሁ መፍቻውን ተከፋፈሉት፤ መንፊያና ካላማዳሪ ግን ለእያንዳንዱ የየራሱ ይሁን። አንዱ ወደ ኋላ ሲቀር፣ ሌላው ሲቀድም “የቡድን ዕቃ” የሚባል ነገር የለም።

የመጨረሻዋ ነገር ምንም አትመዝንም። እ.ኤ.አ. በ1913 ዩጂን ክሪስቶፍ የሚባል ፈረንሳዊ ቱር ደ ፍራንስ ላይ ቱርማሌ በሚባለው ተራራ የሳይክሉ የፊት ሹካ ተሰበረበት። በጊዜው ደንቡ ተወዳዳሪው ያለማንም እርዳታ ራሱ እንዲጠግን ያዝ ነበር። ሳይክሉን ተሸክሞ ከአሥር ኪሎ ሜትር በላይ በእግሩ ወረደና መንደር ውስጥ ባገኘው አንጥረኛ ቤት ሹካውን በገዛ እጁ አበየደ። ወናፉን አንድ ልጅ ስለነፋለት ይባስ ብሎ ቅጣት ተጨመረበት። ትርፍ ሹካ የሚይዝ ሰው የለም፤ እሱም አልያዘም። የያዘው እጁ የሚያውቀውን ሥራ ነው። እናንተም ሙሉ ዕቃ ገዝታችሁ ጎማ ማውለቅ ካልቻላችሁ ብረት ነው የተሸከማችሁት።

ስለዚህ የቤት ሥራ ሰጥቻለሁ። ከመውጣታችሁ በፊት ግቢያችሁ ውስጥ ሳይክሉን ገልብጡ። የኋላውን ጎማ ፍቱ፣ ካላማዳሪውን አውጡ፣ መልሱ፣ ቦርሳችሁ ውስጥ ባለው መንፊያ ንፉ። የጎደለውን ዕቃ ያኔ ታውቁታላችሁ፤ ሱቁ ደግሞ ቅርብ ነው። ሮቤ ያላችሁ፣ ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት እኔ ቤት ግቢ ኑ፣ አብረን እንፈታለን። ያ ልጅ ይመጣል። እናቱ አሁንም ፈቅደውለታል፤ መጀመሪያ ግን የኔን ቦርሳ አስከፍተው አዩት።

ቸር ያገናኘን።