ከቫራናሲ በፊት ሰከላ

ሰሞኑን ህንድ ተምሮ የመጣ አንድ የደምበጫ ልጅ ስለ ቫራናሲ ሲያጫውተን አመሸ። ሂንዱው ጎህ ሲቀድ ጋንጀስ ወርዶ ይጠመቃል፤ የካሺ ቪሽዋናት ቤተ መቅደስና የግያንቫፒ መስጊድ ጎን ለጎን ቆመዋል፤ ቡድሃ መጀመሪያ ያስተማረበት ሳርናትም ከከተማዋ ጥግ ነው። ጨዋታው ደስ ብሎኝ ነበር። ያልተዋጠልኝ ማሳረጊያው ነው፦ «እኛ አገር እንዲህ ያለ ቦታ የለም» አለ።

አለ እንጂ! በቡሬ አልፎ ጥሊሊ ላይ ወደ ሰከላ ለሚታጠፍ ሰው የዓባይ ምንጭ ግሽ ዓባይ ሩቅ አይደለም። የሚኬደው በማለዳ ነው፤ እህል የቀመሰ ወደ ጠበሉ አይቀርብምና። ጫማ ይወልቃል፣ ቢጫ ጄሪካን ተይዞ ወረፋ ይጠበቃል። ጻድቁ አቡነ ዘርዓ ብሩክ መጻሕፍታቸውን ለዚህ ውኃ አደራ ሰጥተው፣ ከዓመታት በኋላ አንዲት ፊደል ሳትረጥብ እንደተቀበሏቸው የማያውቅ የአገሩ ልጅ የለም።

የቦታው ታሪክ ግን ከእሳቸው ይቀድማል። እ.ኤ.አ. በ1618 ከአፄ ሱስንዮስ ጋር የመጣው ሚሲዮናዊው ፔድሮ ፓኤዝም፣ በ1770 የደረሰው ተጓዡ ጄምስ ብሩስም አገዎች በየዓመቱ በምንጩ ዳር ከብት እያረዱ ለውኃው እንደሚሠዉ ጽፈዋል።

«ምንጩን ያገኘው ብሩስ ነው» ከሚሉት ጋር የቆየ ጠብ አለኝ። ፓኤዝ በ152 ዓመት ቀድሞታል፤ ሁለቱም ሲደርሱ ደግሞ አገው ምንጩን ይዞ፣ አክብሮ እየኖረ ነበር። የሚያሳዝነኝ፣ በብሩስ የምንቆጣው እኛው ለእንግዳ ስንተርክ አገውን መዝለላችን ነው። «የባዕድ አምልኮ ማንሳት ነውር ነው» የሚሉኝ አሉ። ነውሩ ምኑ ላይ ነው? ወንጌል ምን አግኝቶ ምን እንደለወጠ ካልተነገረ፣ ወንጌሉን ያመጡት መነኮሳት ድካም በምን ይታወቃል?

ደግሞስ እነማንን ነው የምንደብቀው? ጎጃሜ የዘር ሐረጉን ቢመዝ አገው ሳያገኝ የሚቀር አይመስለኝም። ከብት ይሠዉ የነበሩት አያቶቻችን ናቸው፤ ጠበሉን የምንጠጣውም ልጆቻቸው ነን። ውኃውን ማክበር የተማርነው ከእነሱ ነው።

የደምበጫ፣ የፍኖተ ሰላምና የቡሬ መምህራን፣ መንገዱ ሰላም በሆነ ቀን ተማሪዎቻችሁን ይዛችሁ ሰከላ ውጡ። ካህናቱ የጻድቁን ገድል ይንገሯቸው፤ የአገው ሽማግሌዎችም ከዚያ በፊት የነበረውን ያውጓቸው። ልጆቻችን ሁለቱንም ይስሙ።