መኪናህ የቆመው በአራት መዳፍ መሬት ላይ ነው

አንባቢ ሆይ፤ የስፖርት አውቶሞቢል የሚባለውን ዝቅ ያለ ባለሁለት በር መኪና በመንገድ ዳር ቆመህ ስታይ ዓይንህ በመጀመሪያ የሚያርፈው በምኑ ላይ ነው? በቀለሙ ወይም በመብራቱ ላይ እንደሚሆን አያጠራጥርም። ጎማውን የሚያይ ሰው ጥቂት ነው፤ ጎንበስ ብሎ የጎማውን ውስጠኛ ጎን የሚያይ ግን ከጥቂቱም ጥቂት ነው። እኔም ከማያዩት ወገን ነበርሁ። በአንድ የጊፋታ ሰሞን የደረሰብን ነገር ትምህርት ስለ ሆነኝ ዛሬ እርሱን ላጫውትህና ስለ ጎማ አመራረጥ፣ እንዲሁም መካኒኮች አላይመንት ስለሚሉት የእግር ማስተካከል ሥራ የማውቀውን ልንገርህ።

አንድ የገሱባ ተወላጅ ባልንጀራ አለኝ። በአዲስ አበባ ተቀጥሮ ሲሠራ ከደመወዙ እያጠራቀመ ያገለገለ የስፖርት መኪና ገዛ። ጊፋታ የወላይታ ሕዝብ ዘመን መለወጫ ነውና በመስከረም ወር የአገሩ ልጅ ሁሉ ካለበት ወደ ወላጆቹ ቤት ይሰበሰባል። ባልንጀራዬም «አባባ መኪናዬን ሳያዩልኝ በዓሉ አይለፍ» ብሎ ተነሣ፤ እኔንም ሥጋውን በዳጣ እንደሚያበላኝ ቃል ገብቶ አስከተለኝ። የመኪናው የቀድሞ ባለቤት ለውበት ሲል ሞላውን አስቆርጦ ዝቅ አድርጎታል፤ ትልቅ ቸርኬና ጎኑ አጭር የሆነ ሰፊ ጎማም አግብቶበታል። ጎማዎቹ ከውጭ ሲታዩ ጥርሳቸው ገና አዲስ ይመስላል።

እስከ ሶዶ ድረስ በደኅና መጣን። ከሶዶ ወጥተን ገሱባ ልንደርስ ጥቂት ሲቀረን፣ በአንድ ቁልቁለት መታጠፊያ ላይ የፊት ቀኙ ጎማ እንደ ጥይት ጮኾ ፈነዳ። መሪው ከባልንጀራዬ እጅ ሊያመልጥ ታገለው፤ መኪናውም ወደ ቀኝ ጠልዞ ከመንገዱ ወጣ። ቀኑ የገበያ ቀን ስለ ነበር በመንገዱ ዳር ብዙ ሰው ይጓዝ ነበር። መኪናው በቆመ ጊዜ በእርሱና ሕፃን ባዘለች በአንዲት ሴት መካከል የቀረው ቦታ ሁለት እርምጃ አይሞላም። ሴቲቱ አልጮኸችም፤ የያዘችውን ቅርጫት አስቀምጣ እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አለች። እኛም ሮጠን አጠገቧ ስንደርስ የምንናገረው ጠፋን።

ስኮርታውን አግብተን ገሱባ እንደ ደረስን የፈነዳውን ጎማ ወደ አንድ ሸምገል ያሉ ጎማ ጠጋኝ ዘንድ ወሰድነው። ባልንጀራዬ «አባባ፣ ጎማው እኮ አዲስ ነው፤ ጥርሱን ይመልከቱት» አላቸው። እርሳቸውም መልስ ሳይሰጡ ጎማውን ገለበጡና ውስጠኛውን ጎን በመዳፋቸው ዳሰሱት። ላስቲኩ ተፍቆ አልቆ ሽቦው አፍጥጦ ወጥቷል። «ልጄ፣ አንተ ያየኸው ሰው የሚያየውን ጎን ነው» አሉት፤ «መንገዱ የሚረግጠው ግን ያንን ብቻ አይደለም።»

እንግዲህ ነገሩን ከሥሩ እንመልከተው። 1,200 ኪሎ የሚመዝን አውቶሞቢል በአራት እግሩ ሲቆም እያንዳንዱ ጎማ ወደ 300 ኪሎ ይሸከማል። በጎማው ውስጥ ያለው አየር በአንድ ሳንቲ ሜትር ካሬ ላይ 2 ኪሎ ያህል የሚገፋ ቢሆን፣ ጎማው መሬት የሚነካበት ስፋት 150 ሳንቲ ሜትር ካሬ ያህል ብቻ ነው። ይህም ከአንድ ሰው መዳፍ ከነጣቶቹ ብዙ አይበልጥም። የሞተሩ ጉልበት፣ የፍሬኑ ኃይልና የመሪው ትእዛዝ ሁሉ ወደ መሬት የሚደርሰው በእነዚህ በአራቱ መዳፎች በኩል ነው። ጎማው ወደ አንድ ወገን ካዘነበለ መዳፉ በሙሉ አይረግጥም፤ በጠርዙ ብቻ ይቆማል። ያን ጊዜ ጠርዙ ይሞቃል፤ ይፋቃል፤ በመጨረሻም ይፈነዳል።

ጎማ ስትገዛ አስቀድሞ በጎኑ ላይ የተጻፈውን ማንበብ ተማር። ለምሳሌ 205/55 አር 16 91 ቪ የሚል ቢሆን፣ 205 የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር ነው። 55 ማለት የጎኑ ቁመት ከስፋቱ በመቶ 55 እጅ፣ ማለትም ወደ 113 ሚሊ ሜትር ነው ማለት ነው። አር የሚለው ፊደል የራዲያል አሠራር ምልክት ሲሆን፣ 16 የቸርኬው ዲያሜትር በኢንች ነው። 91 ጎማው እስከ 615 ኪሎ እንደሚሸከም፣ ቪ ደግሞ እስከ 240 ኪሎ ሜትር ፍጥነት እንደሚችል ያመለክታሉ። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና የገዛህ እንደ ሆነ፣ ባትሪው ከባድ ስለ ሆነ ይህን የሸክም ቁጥር በተለይ ተመልከት፤ ፋብሪካው ካዘዘው ያነሰ ቁጥር አታግባ።

የጎማውንም ዕድሜ ጠይቅ። በጎኑ ላይ ካሉት ቁጥሮች መካከል ባለ አራት አኃዝ የሆነው የተሠራበትን ጊዜ ይነግርሃል፤ 3523 ቢል በ2023 እ.ኤ.አ. በ35ኛው ሳምንት ተሠራ ማለት ነው። ላስቲክ ሳይነዳም ያረጃል። ጥርሱ ሙሉ የሆነ፣ ነገር ግን አሥር ዓመት በመጋዘን የከረመ ጎማ በርካሽ ቢሰጥህ ርካሽ አይደለም። ያለቀውን ጎማ ጥርሱን በቢላዋ ቀርጾ እንደ አዲስ የሚሸጥልህም ወዳጅህ አይደለም።

አሁን ወደ ምርጫው እንምጣ። ብዙ ወጣቶች የስፖርት መኪና ሁሉ ሰፊ ጎማና ትልቅ ቸርኬ ይገባዋል ብለው ያምናሉ። በለሰለሰ አስፋልት ላይ ጎኑ አጭር የሆነ ጎማ ለመሪ ፈጥኖ እንደሚታዘዝ እውነት ነው። ነገር ግን ከዋናው መንገድ ወጥተህ ወደ ቀበሌ በሚያስገባው ቀይ አፈርና ኮረኮንች ላይ፣ ይልቁንም ክረምቱ ባለፈ ማግስት፣ አጭሩ ጎን በድንጋይና በቸርኬ መካከል ተጨፍልቆ ይቆረጣል። ቸርኬውም ይጣመማል።

የዚህ ምስክር ከጎረቤታችን ከኬንያ ይገኛል። የሳፋሪ ራሊ በ1953 እ.ኤ.አ. በምሥራቅ አፍሪካ ከተጀመረ ወዲህ መኪናን የሚፈትን ብርቱ ውድድር ሆኖ ቆይቷል። በ1971 እና በ1973 እ.ኤ.አ. ያሸነፈው ዳትሰን 240 ዜድ የሚባል እውነተኛ የስፖርት መኪና ነበር። ስለዚህ የስፖርት መኪና በአፈር መንገድ አይሆንም አይባልም፤ ለመንገዱ መዘጋጀት ብቻ አለበት። በዛሬው የዓለም ራሊ ሻምፒዮና እንኳ ተወዳዳሪዎቹ በአስፋልት ላይ 18 ኢንች ቸርኬ ያገቡና ወደ ጠጠር መንገድ ሲመጡ ወደ 15 ኢንች ይወርዳሉ። ይህን የሚያደርጉት ገንዘብ አጥተው አይደለም፤ የጎማው ጎን ከፍ ብሎ ድንጋዩን እንዲችልላቸው ነው።

አንተም እንዲሁ ማድረግ ትችላለህ። 225/45 አር 17 የሆነ ጎማ ከላይ እስከ ታች ሲለካ ወደ 634 ሚሊ ሜትር ይሆናል። 205/55 አር 16 የሆነው ደግሞ ወደ 632 ነው። ስለዚህ በአንድ ኢንች ብትወርድ የፍጥነት መቍጠሪያህ እምብዛም ሳይዛባ የጎማህ ጎን በ12 ሚሊ ሜትር ያህል ይረዝምልሃል። ትንሹ ቸርኬ በፍሬኑ ላይ እንዳይነካ ግን አስቀድመህ አስለካ።

አየሩንም ጎማው ሳይሞቅ፣ በበሩ ጠርዝ ላይ በተለጠፈው ቁጥር መሠረት ሙላ። ከ2,300 ሜትር በላይ ከሆነው ከአዲስ አበባ ተነሥተህ 1,200 ሜትር ያህል ወደሆነው ወደ አባያ ሐይቅ ዳርቻ ብትወርድ፣ የቆላው አየር ክብደት ስለሚጨምር መለኪያህ ከ1 እስከ 2 ፒኤስአይ ያህል ዝቅ ብሎ ይታያል። የቆላው ሙቀት ደግሞ መልሶ ከፍ ያደርገዋል። ስለዚህ እንደ ደረስህ አድረህ ጠዋት ለካው።

የቀረን አላይመንት ነው። ሦስት ነገሮች አሉት። የመጀመሪያው ካምበር ይባላል፤ መኪናውን ከፊት ቆመህ ስታየው የጎማው ራስ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ማዘንበሉ ነው። በውድድር ሜዳ የሚነዱ ሰዎች እስከ 2 ወይም 3 ዲግሪ ወደ ውስጥ ያዘነብሉታል፤ መኪናው መታጠፊያ ላይ ሲያጋድል ጎማው ቀጥ ብሎ እንዲረግጥ ነው። እኛ ግን አብዛኛውን መንገድ የምንሄደው ቀጥ ብለን ስለ ሆነ ይህ ልክ ውስጠኛውን ጠርዝ ይበላብናል። ሞላ ማስቆረጥም ሳይታወቅ ይህንኑ ያመጣል፤ የባልንጀራዬን ጎማ የጨረሰው ይኸው ነው። ለመንገድ መኪና ፋብሪካው የሚያዘው ብዙውን ጊዜ ከ1 ዲግሪ የማያልፍ ነው።

ሁለተኛው ካስተር ነው። የብስክሌትን የፊት ሹካ ተመልከት፤ ወደ ኋላ ዘንበል ያለ ነው። መሪውን ስትለቀው ራሱ ወደ ቀጥታው እንዲመለስ የሚያደርገው ይህ ማዘንበል ነው። በግራና በቀኝ እኩል ካልሆነ መኪናው ወደ አንድ ወገን ይጎትትሃል።

ሦስተኛው ቶ ይባላል። ሰው ሲራመድ ጣቶቹን ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ እንደሚያደርግ፣ የመኪናም እግር እንዲሁ ነው። ጎማን ከሁሉ ፈጥኖ የሚጨርስ ይህ ነው። 600 ሚሊ ሜትር የሆነ አንድ ጎማ ከፊቱ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ቢዛባ፣ በአንድ ኪሎ ሜትር ጉዞ 5 ሜትር ወደ ጎን ይፋቃል። በ300 ኪሎ ሜትር ጉዞ አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ወደ ጎን ተጎተተ ማለት ነው። ጫማህን ይህን ያህል ብትጎትተው ምን ይተርፈዋል?

ባለኮምፒዩተሩ መሣሪያ በማይገኝበት ከተማ ቶን በሜትር ብቻ መመርመር ይቻላል። መኪናውን በደልዳላ ቦታ መሪውን አቅንተህ አቁም። በሁለቱ የፊት ጎማዎች መካከለኛ መሥመር ላይ፣ ከፊት በኩል በመሐሉ ቁመት፣ በጠመኔ ምልክት አድርግና ከምልክት እስከ ምልክት ያለውን ለካ። ከዚያም ምልክቶቹ ዞረው በኋላ በኩል በዚያው ቁመት እስኪመጡ ድረስ መኪናውን ወደ ፊት ገፋ አድርገህ እንደገና ለካ። ልዩነቱ በመጽሐፉ ከታዘዘው ካለፈ ወደ ጋራዥ ውሰደው። ነገር ግን ቴስቲናውና ቦኮላው የላላ፣ ኩሽኔታውም የሚንቀሳቀስ ከሆነ አስቀድመህ እነርሱን አስለውጥ። በላላ እግር ላይ የተሠራ አላይመንት ከጋራዡ በር አያልፍም።

ጎማው ራሱም በሽታውን ይናገራል። ሁለቱ ጠርዞች ካለቁ አየሩ አንሷል፤ መሐሉ ካለቀ በዝቷል። አንዱ ጠርዝ ብቻ ካለቀ ካምበሩን ወይም ቶውን መርምር። በእጅህ ስትዳስሰው እንደ መጋዝ ጥርስ ከሻከረህ ቶው ነው። እዚህም እዚያም ከጎደጎደ ሾክ አብዞርበሩን ወይም ባላንሱን ተመልከት። በጥርሱ ቦይ ውስጥ ካለው 1.6 ሚሊ ሜትር ከፍታ ካለው ምልክት ጋር እኩል ከሆነ ደግሞ የሚመረመር ነገር የለም፤ መለወጥ ብቻ ነው።

ባልንጀራዬ ከበዓሉ በኋላ ሞላውን እንደ ቀድሞው መለሰ፤ ትልቁን ቸርኬ ሸጦ ትንሹን ገዛ፤ እግሩንም አስተካከለ። ለአዲስ ሬዲዮ ያስቀመጠው ገንዘብ በዚያ አለቀ። መኪናው ከፍ በማለቱ የሚያሾፉበት ጓደኞች አልጠፉም፤ እርሱ ግን አይመልስላቸውም። ወደ ገሱባ በሄድን ቁጥር ያ መታጠፊያ ላይ ስንደርስ ሁለታችንም ዝም እንላለን። ያች ሴት ሁለት እርምጃ ወደ እኛ ቀርባ ቢሆን ኖሮ፣ የመኪናው ማማር ለማን ይጠቅም ነበር?

ስለዚህ አንባቢ ሆይ፤ መኪና ያለህ ብትሆን ነገ ጠዋት ሳትነሣ፣ የሌለህም ብትሆን በባልንጀራህ መኪና ከመሳፈርህ በፊት፣ አንዲት ደቂቃ ጎንበስ በል። እጅህ በአቧራ ቢቆሽሽ ግድ የለም። የጎማውን ውስጠኛ ጎን በመዳፍህ ዳስሰው።