ለአካል ጉዳተኛው መንገደኛ ጊዜ እንስጥ

ለሰው ልጅ ኑሮ መሠረታዊ ከሆኑት ጉዳዮች አንዱ ጉዞ ነው። የታመመ ወደ ሐኪም ቤት፣ ነጋዴ ወደ ገበያ፣ ተማሪ ወደ ትምህርት ቤት፣ ባለጉዳይም ወደ ጽሕፈት ቤት የሚደርሰው በመጓዝ ነው። ስለዚህ ከጉዞ የታገደ ሰው የሚያጣው መንገዱን ብቻ አይደለም፤ በመንገዱ ጫፍ የሚጠብቀውን ሕክምና፣ ትምህርትና ሥራ ጭምር ነው። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚገልጸው በዓለም ላይ ከስድስት ሰዎች አንዱ ጎላ ያለ የአካል ወይም የአእምሮ ጉዳት ያለበት በመሆኑ፣ ይህ የጥቂት ሰዎች ችግር ነው ተብሎ የሚታለፍ አይደለም።

የሁምቦን ሁኔታ ለምሳሌ እንውሰድ። የወረዳው ዋና ከተማ ጠበላ ከወላይታ ሶዶ ወደ አርባ ምንጭ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ ከሶዶ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ትገኛለች። ኦቶና ሆስፒታል፣ ዩኒቨርሲቲውና የዞኑ መሥሪያ ቤቶች ያሉት በሶዶ ስለሆነ፣ የሁምቦ ነዋሪ ወደዚያ መመላለሱ የማይቀር ነው። በሚኒባስ ወይም በአውቶቡስ ለሚሄድ ሙሉ አካል ላለው ሰው መንገዱ አጭር ነው። በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄድ፣ በክራንች ለሚራመድ ወይም በነጭ በትር መንገዱን ለሚፈልግ ሰው ግን ችግሩ የሚጀምረው ገና ከመኪናው በር ላይ ነው። መርገጫው ከፍ ያለ፣ በሩ ጠባብ፣ የወንበሮቹም መተላለፊያ የተጣበበ ነው። በዚያም ላይ ብዙ ጊዜ ረዳቱ «ቶሎ በል!» እያለ ያጣድፋል፤ ሌላው መንገደኛ ቦታ ለመያዝ ይጋፋል፤ ሹፌሩም ሰውየው ተደላድሎ ሳይቀመጥ መኪናውን ያንቀሳቅሳል።

«ጥፋቱ የመኪናው አሠራር ነው፤ እኛ ምን ማድረግ እንችላለን?» የሚሉ አሉ። አባባላቸው ከፊል እውነትነት አለው። ወለላቸው ዝቅ ያለና መወጣጫ የተገጠመላቸው አውቶቡሶች በየመንገዱ ቢኖሩ ብዙ ችግር ይቃለል ነበር። ይሁን እንጂ እንዲህ ያለው መኪና እስኪመጣ ድረስ አካል ጉዳተኛው ከቤቱ ተቀምጦ ይጠብቅ ማለት አይቻልም። በእኔ አስተያየት፣ ዛሬ ከሁሉ የሚብሰው እንቅፋት የእኛው ችኮላ ነው። መኪናን ለመለወጥ ብዙ ገንዘብ ያስፈልጋል፤ ችኮላን ለመተው ግን በጎ ፈቃድ ይበቃል።

በእርግጥ ችኮላው ምክንያት የለውም አይባልም። የሹፌሩና የረዳቱ ገቢ በቀን ከሚያደርጉት ምልልስና ከሚያሳፍሩት ሰው ብዛት ጋር የተያያዘ ነው። ከዚህም የተነሣ ለመሳፈር ጊዜ የሚወስድ ሰው እንደ ኪሳራ ይቆጠራል። ነገር ግን ይህ ስሌት በሚገባ ሲመረመር ስሕተት ሆኖ ይገኛል። በመናኸሪያ ተራ የያዘ መኪና ሰው እስኪሞላ ድረስ ቆሞ መጠበቁ የታወቀ ነው። ለመሙላት የሚቆምበት ጊዜ ካለው፣ ለማሳፈር የሚቆምበት ጊዜ እንዴት ያጣል? አካል ጉዳተኛው ከሁሉ በፊት እንዲገባ ቢደረግ የሚመቸውን ወንበር ይመርጣል፤ ክራንቹን ከአጠገቡ ያኖራል፤ ተሽከርካሪ ወንበሩም በሥርዓት ታጥፎ ይጫናል። በዚህም ሌላው መንገደኛ አንዲት ደቂቃ እንኳ አይዘገይም። ከመንገድ ላይ ለሚሳፈረውም ቢሆን ጥቂት ደቂቃ ይበቃዋል። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» እንዲሉ፣ በጥድፊያ የተሳፈረ ሰው ወድቆ ቢጎዳ የሚባክነው ጊዜ ከዚህ እጅግ የበለጠ ነው።

መርዳት ማለት ግን ጎትቶ ማስገባት ማለት አይደለም። የመጀመሪያው እርዳታ «ምን ላግዝዎ?» ብሎ መጠየቅና መልሱን ማዳመጥ ነው፤ የራሱን አካል ከባለቤቱ የበለጠ የሚያውቅ የለምና። ዓይነ ስውሩን በትሩን ይዞ ከመጎተት ይልቅ ክንድን አስይዞ መምራት፣ የመርገጫውን ብዛት መንገር፣ እጁንም ከበሩ መያዣ ላይ ማሳረፍ ይገባል። ከሚወርድበት ቦታ ሲደርስም የቦታውን ስም መንገር ያስፈልጋል። መስማት ለተሳነው ሰው ጩኸት አይጠቅመውም፤ ፊት ለፊት ቆሞ በእጅ ማመልከት ወይም የቦታውን ስም ጽፎ ማሳየት ይሻላል። በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄደውን ሰው ሳይጠይቁ ብድግ ማድረግ ደግሞ ተረጂውንም ረጂውንም ለአደጋ ያጋልጣል። ወንበሩን እንደ ጭነት ቆጥሮ ተጨማሪ ሒሳብ መጠየቅም ተገቢ አይደለም። ወንበሩ እግሩ ነውና፤ ስለ እግሩ የተለየ ሒሳብ የሚከፍል መንገደኛ የለም።

በወላይታ በተለይ ሊታሰብበት የሚገባ ሌላም ጉዳይ አለ። በቀይ አፈር ላይ ለብዙ ዘመን በባዶ እግር በመሄድ የሚመጣው የዝሆኔ በሽታ በዚህ አካባቢ ብዙ ሰው አጥቅቷል። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣ ጥናት በዞኑ ከመቶ ሰዎች ከ5 የሚበልጡት በዚህ በሽታ መያዛቸውን አመልክቷል። እግሩ ያበጠ ሰው መርገጫውን መውጣት ይከብደዋል፤ ከዚያ ይልቅ የሚጎዳው ግን አጠገቡ የተቀመጠው መንገደኛ ፊቱን አዙሮ ሲሸሸው ነው። በሽታው በአፈሩ ውስጥ የሚገኙ ረቂቅ የማዕድን ቅንጣቶች በቆዳ በኩል ገብተው የሚያስከትሉት እንጂ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ አይደለም። ስለሆነም ከሕመምተኛው ጎን መቀመጥ ምንም ጉዳት የለውም፤ መሸሽ ግን በሕመሙ ላይ ኀዘን ይጨምርበታል።

አንዳንድ ሰዎች ይህን ሁሉ እንደ ምጽዋት ያዩታል። ሒሳቡን ከፍሎ የሚሳፈር ሰው ግን ምጽዋት ጠያቂ አይደለም። አገራችን የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚመለከተውን ዓለም አቀፍ ስምምነት በ2002 ዓ.ም. በአዋጅ አጽድቃለች፤ ስምምነቱም መጓጓዣ ለአካል ጉዳተኞች የተመቻቸ እንዲሆን ያዛል። ይህ መብት በሌላው ዓለምም በቀላሉ የተገኘ አይደለም። እ.ኤ.አ. በጁላይ 1978 በአሜሪካ በዴንቨር ከተማ 19 አካል ጉዳተኞች ተሽከርካሪ ወንበር ማንሻ ያልተገጠመላቸውን ሁለት አውቶቡሶች ከበው መንገድ ላይ አገዱ፤ ሌሊቱንም በዚያው አደሩ። ከብዙ ትግል በኋላ በ1990 የወጣው የአገሪቱ ሕግ ለሕዝብ የሚገዙ አዳዲስ አውቶቡሶች ለአካል ጉዳተኞች እንዲመቹ ሆነው እንዲቀርቡ አስገደደ። እነዚያ ሰዎች የጠየቁት እንዲታዘንላቸው ሳይሆን እንደማንኛውም መንገደኛ እንዲሳፈሩ ነበር።

እንግዲህ ከእኛ የሚፈለገው ከባድ ነገር አይደለም። በየመናኸሪያው ያሉ ተራ አስከባሪዎች አካል ጉዳተኛው አስቀድሞ እንዲገባ ያድርጉ። ረዳቱ ለበሩ ቅርብ የሆነውን ወንበር ይጠብቅለት። ሹፌሩ መንገደኛው መቀመጡን ሳያረጋግጥ ፍሬን አይልቀቅ። እናንተም ተማሪዎች፣ ሌላው ሲጋፋ እናንተ መንገድ ልቀቁ፤ ረዳቱ ሲያጣድፍ «ይቆይ፣ ይቀመጥ» ለማለት አትፈሩ። አንድ ሰው እንዲህ ሲል ሌላው መንገደኛ ይከተለዋልና። የጠበላና የሶዶ መንገድ ለሁሉም እኩል አጭር የሚሆነው በመኪናው በር ላይ ያለው ችኮላ ሲቀር ነው።