ልጆቻችንን የሚጠብቀው ሕግ በአማርኛ ይነገረን

ነጋዴ ሕግ አያውቅም የሚል ካለ ተሳስቷል። ኒሙሌ ላይ የሚከፈለውን ቀረጥ፣ የመኖሪያ ፈቃድ የሚታደስበትን ጊዜ ሁላችንም እናውቃለን። አንዱ ሲቀየር ወሬው ከኮኞ ኮኞ ጀበል ገበያ ለመድረስ ግማሽ ቀን አይፈጅበትም። ስለ ልጆች የወጣው ሕግ ግን እንዲህ ሲወራ አንሰማም።

ደቡብ ሱዳን ነጻነቷን ከማወጇ በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ2008፣ የሕፃናት ሕግ ወጥቷል። በሕጉ ሕፃን ማለት 18 ዓመት ያልሞላው ሰው ነው። በ2011 የወጣው የሽግግር ሕገ መንግሥት ደግሞ በአንቀጽ 17 ልጅን በአካሉ ላይ መቅጣትን ይከለክላል፤ የሚቀጣው አስተማሪም ይሁን ወላጅ።

እዚህ ላይ ከአገራችን ሕግ ጋር ያለውን ልዩነት ልብ እንበል። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 የአካል ቅጣትን በስም ጠቅሶ የሚከለክለው በትምህርት ቤትና በሕፃናት ማሳደጊያ ነው። የወንጀል ሕጉም ልጅን ማንገላታትን እየቀጣ፣ ለአስተዳደግ ተብሎ ለሚወሰድ ተገቢ እርምጃ በር ይተዋል። ስለዚህ «የገዛ ልጄን ብቀጣ ማን ይጠይቀኛል» የሚለው አባባል ጁባ ላይ አይሠራም።

በደል ደግሞ ዱላ ብቻ አይደለም። ወላጆቹ ሱቅ ሲውሉ ከጠዋት እስከ ማታ በር የሚቆለፍበት ሕፃን አለ። «ላስተምረው» ተብሎ ከዘመድ ቤት መጥቶ ሆቴል ውስጥ ሳህን ሲያጥብ የሚውል አለ። ቡና ታፍላ ተብላ እስከ እኩለ ሌሊት ጠጪ መሀል የምትቀመጥ ልጅ አለች። ጎረቤት ያያል፤ «የሰው ቤት ጉዳይ ነው» ብሎ ያልፋል። ሕጉ መታወቅ ያለበት ለዚሁ ነው። ሕጉ ከታወቀ የሚናገር ጎረቤት ጣልቃ ገባ አይባልም፤ አፉን የሚከፍትበት ምክንያት አለው።

«ፖሊስ ከገባበት ጣጣው ለሁላችንም ይተርፋል» የሚሉ ወገኖች ስጋት ይገባናል። በሰው አገር ያለ ሰው መፍራቱ አይፈረድበትም። ሆኖም መንገድ አለ። በጁባ ማስተማሪያ ሆስፒታል ለተጠቁ ሴቶችና ልጆች ሕክምና፣ ምክርና የሕግ ድጋፍ በአንድ ቦታ የሚሰጥ ማዕከል ተቋቁሟል። ፖሊስም ለሴቶችና ለሕፃናት ልዩ የጥበቃ ክፍል አለው። አረብኛ ወይም እንግሊዝኛ የሚችል ሰው ይዞ፣ ሁለት ሦስት ሆኖ መሄድ ይቻላል።

ሽምግልናን እናከብራለን። ሸሪኮች ሲጣሉ፣ ባልና ሚስት ሲኳረፉ ያስታርቃል። ልጅ ስትደፈር ግን በካሳና በይቅርታ የሚዘጋ ነገር የለም። ኤችአይቪን የሚከላከለው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ ሽማግሌ እስኪሰበሰብ ያ ጊዜ ያልፋል። መጀመሪያ ሆስፒታል፣ ከዚያ ሕግ።

የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። የሕጉ ዋና ዋና ነጥቦች በአንድ ገጽ አማርኛ ይጻፉ። በየሆቴላችንና በየሱቃችን ግድግዳ ይለጠፉ፤ በቤተ ክርስቲያን፣ በመስጊድና በዕድር ስብሰባ ይነበቡ። የቀረጥ ለውጥ በግማሽ ቀን የሚያዳርስ ገበያ ይህን ማዳረስ አያቅተውም።