የተሸነፈ ዕጩ ድምፅ ወዴት ይገባል?

በጉለሌ፣ ከሽሮ ሜዳ እስከ አዲሱ ገበያ፣ በየእድሩ ዳኛ በሚመረጥበት ጊዜ ያልተመረጠው ሰው ከማኅበሩ አይወጣም። በሚቀጥለው ስብሰባ ከቦታው ይቀመጣል፤ ሒሳብ ይጠይቃል፤ የደገፉትም አባላት ሐሳባቸውን ያሰማሉ። በሕግ አውጪ ምክር ቤት ምርጫ ግን የተሸነፈው ዕጩ ከደጅ ይቀራል፤ ለእርሱ የተሰጠው የሕዝብ ድምፅም አብሮት ከደጅ ይቀራል። የዚህ ምክንያቱ ምንድን ነው? ጥያቄው ሠራተኛውንና የነዋሪዎች ማኅበር አባሉን በቀጥታ የሚነካ ስለሆነ በጥሞና ሊመረመር ይገባዋል።

ምሳሌው ሩቅ አይደለም። ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. በተካሄደው 6ኛው ጠቅላላ ምርጫ የኢዜማ መሪ ፕሮፌሰር ብርሃኑ ነጋ በአዲስ አበባ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ተወዳድረው ሳይመረጡ ቀሩ። በዚያው ምርጫ ብልጽግና ፓርቲ የከተማውን ምክር ቤት 138 መቀመጫዎች ጠቅልሎ ያዘ። እኚሁ ዕጩ በቅንጅት ስም በቀረቡበት በግንቦት 1997 ዓ.ም. ምርጫ ግን ከ138ቱ መቀመጫዎች 137ቱን ያገኘው ቅንጅት ነበር፤ ለኢሕአዴግ የቀረችው አንዲት መቀመጫ ብቻ ነበረች።

እነዚህን ቁጥሮች ብቻ የተመለከተ ሰው፣ የከተማው ሕዝብ በ16 ዓመታት ውስጥ አንድም ሳይቀር ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው ተሻገረ ሊል ይችላል። ሀቁ ግን እንደዚያ አይደለም። የመቀመጫ ቁጥርና የመራጭ ቁጥር የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 54 መሠረት በአንድ የምርጫ ክልል የሚመረጠው ከተወዳዳሪዎቹ ሁሉ የበለጠ ድምፅ ያገኘው ዕጩ ነው። 20,000 ሰዎች ድምፅ የሰጡበትን ክልል ለምሳሌ እንውሰድ። አንዱ 9,000፣ ሁለተኛው 7,000፣ ሦስተኛው 4,000 ድምፅ ቢያገኙ 9,000 ያገኘው ምክር ቤት ይገባል፤ የቀሩት 11,000 መራጮች የፈለጉትን ተወካይ አያገኙም። ይህ በየክልሉ ሲደጋገም አንድ ፓርቲ መቀመጫውን ሁሉ ሊወስድ ይችላል። ኢዜማ በ2013ቱ ምርጫ ሂደት ላይ ቅሬታ አቅርቦ እንደነበረ ይታወሳል፤ ሆኖም ሂደቱ አንዳች እንከን ባይኖረው እንኳ የስሌቱ ጠባይ ያው ነው።

መስከረም 26 ቀን 2014 ዓ.ም. ፕሮፌሰር ብርሃኑ የትምህርት ሚኒስትር ሆነው ተሾሙ። ይህም ተሸናፊውን በሥራ የማሳተፍ እርምጃ ተብሎ ተወደሰ። ይሁን እንጂ ሹመት ውክልናን አይተካም። ሚኒስትር የመንግሥትን ፖሊሲ በሥራ ላይ ያውላል፤ የሕዝብ ተወካይ ግን ሚኒስትሩን ራሱን ይጠይቃል። ዕጩው ወንበር ቢያገኙም የመረጧቸው ሰዎች በምክር ቤቱ ውስጥ ያጡት አንደበት አልተመለሰላቸውም።

መፍትሔው ምንድን ነው? ደቡብ አፍሪካ ከ1994 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መቀመጫን በድምፅ መጠን ታከፋፍላለች። በዚያ የሚባክነው ድምፅ ጥቂት ነው፤ ነገር ግን መራጩ «የመንደሬ ተወካይ እገሌ ነው» ብሎ የሚጠይቀው ሰው ያጣል። ጀርመን ሁለቱን ዘዴዎች አጣምራለች። የእኛ የአብላጫ ድምፅ ሥርዓት አንድ ብርቱ ጎን አለው፤ ይኸውም ተጠያቂው ማን እንደሆነ በግልጽ መታወቁ ነው። ሥርዓቱን ለመለወጥ ሕገ መንግሥቱን ማሻሻል የሚጠይቅ በመሆኑ ጉዳዩ ሰፊ የሕዝብ ውይይት ያስፈልገዋል።

እስከዚያው ድረስ ግን መራጩ እጁን አጣጥፎ የሚቀመጥበት ምክንያት የለም። ያው አንቀጽ 54 የምክር ቤት አባላት የመላው ሕዝብ ተወካዮች መሆናቸውን ይደነግጋል፤ መራጩ እምነት ሲያጣባቸውም በሕግ መሠረት ከቦታቸው ሊያነሣቸው እንደሚችል ያረጋግጣል። ስለሆነም ለተሸናፊው ድምፁን የሰጠው የጉለሌ ሸማኔም ሆነ የፋብሪካ ሠራተኛ፣ አሸናፊውን «አንተ የእኔም ተወካይ ነህ» ብሎ ስለ ውሃው፣ ስለ መንገዱና ስለ ኑሮ ውድነቱ የመጠየቅ ሙሉ መብት አለው። በእድሩ ስብሰባ የሚሠራበትን ይህን ልማድ ወደ ምክር ቤቱ ደጅ ማድረስ የእያንዳንዱ ነዋሪ ተግባር ነው።