ሰሌዳው ባዶ የከረመው ወረቀት ጠፍቶ አይደለም



እንደሚታወቀው ይህ የማኅበራችን ሰሌዳ ሦስት ወር ሙሉ ከመዋጮ ማስታወቂያ በስተቀር አንዳች ጽሑፍ ሳይለጠፍበት ከርሟል። ምክንያቱን ለጠየቀኝ ሁሉ «ወረቀት አልቆ ነው» እያልኩ ስመልስ ነበር። ውሸቴን ነው። ወረቀቱ ዛሬም መሳቢያዬ ውስጥ አለ። ያለቀው የእኔ ድፍረት ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስለ ቦይ ጠረጋ የጻፍኩት ጽሑፍ በተለጠፈ በማግሥቱ አንድ ሰው በቀይ እስክሪብቶ ዘጠኝ ቦታ አርሞ፣ ከግርጌው «ከ10 አራት፤ ወድቋል» ብሎ ጻፈበት። እኔ ስደርስ ሰው ከቦ ይስቃል። አብሬ ሳቅሁ። ማታ ግን እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ትምህርቴን ያቆምኩት ከስድስተኛ ክፍል ነው፤ ይህን የማያውቅ የለም። ቢሆንም መጻፍ እወዳለሁ። ቃለ ጉባኤውን እንኳ ሁለት ጊዜ ነው የምጽፈው፤ አንዴ ለመዝገቡ፣ አንዴ ቃሉ እስኪያምር ለራሴ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል እንዲሉ፣ ያ የፈራሁት ሲደርስብኝ የምወደውን ነገር ጣልኩት።

በቅርቡ ወፍጮ ቤት ወረፋ ስንጠብቅ፣ በማኅበሩ ቤት ማታ ማታ ፊደል ከሚቆጥሩት እናቶች አንዷ «ጸሐፊ፣ ሰሌዳው ምነው ዝም አለ?» አሉኝ። «ወፍጮ ስመላለስ ቆም እያልኩ የማውቃቸውን ፊደሎች እለቅምበት ነበር እኮ።»

«ስሕተት ነበረበት እማማ» አልኳቸው።

«እሱን ለመለየት መች ደረስኩ! እኔም ሰው ፊት ሳነብ ይስቁብኛል። ልተወው እያልኩ ነበር፤ ደግሞ ጸሐፊው ከተወው እኔማ!»

ይህ ቃል ከቀዩ እስክሪብቶ ይልቅ ዘለቀኝ። ለካ አንድ ሰው ፈርቶ ሲተው፣ ብቻውን አይተውም።

ስለ ማሞ ወልዴ የሰማሁትንና ያነበብኩትን መልሼ አሰብኩ። ብዙዎቻችን የምናውቀው የሜክሲኮውን ማሞ ነው። ከዚያ በፊት የነበረውን ማሞ ግን እናንሣ። አገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ በተካፈለችበት በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን በ800 ሜትርና በ1500 ሜትር ሮጦ ከማጣሪያው አላለፈም። በ1952 ዓ.ም. አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ዓለምን ሲያስደንቅ ማሞ በቦታው አልነበረም። በ1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ በ10 ሺህ ሜትር አራተኛ ወጣ፤ ማራቶኑን አቋርጦ ወጣ። እንግዲህ ስምንት ዓመት ሙሉ ሜዳልያ የለም! «ይበቃሃል፣ አበበ አለልን» ቢባልስ ማን ይፈርድ ነበር? ማሞ ግን መሮጡን አልተወም። ጥቅምት 10 ቀን 1961 ዓ.ም. ሜክሲኮ ላይ፣ አበበ በእግሩ ሕመም ምክንያት ውድድሩን ባቋረጠበት ቀን፣ ማሞ በ36 ዓመቱ ሁለተኛ የወጣውን ከ3 ደቂቃ በላይ ቀድሞ ማራቶንን አሸነፈ። በ1964 ዓ.ም. በጳጉሜን ሙኒክ ላይ ደግሞ በ40 ዓመቱ ሦስተኛ ሆኖ ገባ።

አንዳንዱ «እሱማ ስላሸነፈ ነው» ይል ይሆናል። እኔ ግን እላለሁ፤ ሜክሲኮ ባይኖርስ ኖሮ ማሞ ያን ሁሉ ዓመት መሮጡ ነውር ይሆን ነበር? በፍጹም! ሰው የሚወደውን ሥራ ሊሠራ የማንም ሜዳልያ አያስፈልገውም። እኔም ብሆን ደራሲ ልሆን አይደለም የምጽፈው። እኚያ እናትም ዳኛ ሊሆኑ አይደለም ፊደል የሚቆጥሩት።

እውነቱን ከተነጋገርን፣ እኛ የምንፈራው መውደቁን ሳይሆን ስንወድቅ መታየቱን ነው። «ሰው ምን ይለኛል» የምንለው ነገር ነው ስንቱን ክራር ግድግዳ ላይ ያሰቀለው፣ ስንቷንም ልጅ ከጀመረችው ስፌት ያስቀረው። ስለዚህ ጥፋቱ የፈሪው ብቻ አይደለም፤ የሚስቀውም ድርሻ አለው።

ከተማችን ይህን ታውቃለች። በግንቦት 1953 ዓ.ም. ማጀቴን ያፈረሰው፣ በመጽሐፍም በካራቆሬ ስም የተመዘገበው የመሬት መንቀጥቀጥ የደረሰው እዚሁ አገራችን ነው። ቤቱ የፈረሰበትን ሰው «ለምን ፈረሰብህ?» ብሎ የሚስቅ ጎረቤት አለ? የለም። ጭቃ ያቦካለታል፣ ማገር ያቀብለዋል እንጂ። ታዲያ ለወደቀ ቤት የምናደርገውን፣ ሲያነብ ምላሱ ለተሳሰረበት ሰው ማድረግ ለምን ያቅተናል?

እርማት አያስፈልግም ማለቴ ግን አይደለም። ያ ቀይ እስክሪብቶ የያዘው ሰው ከዘጠኙ በስምንቱ ልክ ነበር፤ መዝገበ ቃላት ተውሼ አይቻለሁ። በዘጠነኛው ግን የተሳሳተው እሱ ነው! ማረሙን አልጠላሁም፤ የጠላሁት «ወድቋል» የሚለውን ነው። የተማረ ሰው ዕውቀቱን ቢያካፍለን ሁላችንም እንጠቀማለን።

ስለዚህ የሚከተለውን አሳስባለሁ። አንደኛ፣ ከዛሬ ጀምሮ የሚለጠፈው ጽሑፍ ረቂቅ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በማኅበሩ ቤት ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል፤ ማረም የፈለገ ሳይለጠፍ በፊት መጥቶ ያርም። ቀይ እስክሪብቶ እኔ እገዛለሁ። ሁለተኛ፣ የማታው ፊደል ቆጠራ እንደቀጠለ ነው፤ አፍረው የቀሩ ሁሉ ይመለሱ። በሰው ንባብ የሚስቅ ግን የሚቀጥለውን ገጽ እሱ ራሱ ቆሞ ያነብልናል። ሦስተኛ፣ ሰው ይስቅብኛል ብላችሁ የምትወዱትን ነገር በየቤታችሁ የደበቃችሁ፣ አውጡት።

ይህንንም ጽሑፍ አራት ጊዜ ገልብጬዋለሁ። ስሕተት አያጣም። ቢሆንም ለጥፌዋለሁ።

የማኅበሩ ጸሐፊ
ካራቆሬ